የባቡሩ ሲቪ

ለገሃር ጀርባ ላደገ ሰው የባቡር ጡሩንባ እንደ እናት ድምፅ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ግን ዝም ካለ ቆይቷል። ስለዚህ የወንድሜ ልጅ ከጀርመን ባመጣልኝ፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ በምታንስ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ የድምፅ ዲኮደር፣ ማለትም ሞተሩን የሚያዝና ጡሩንባ የሚነፋ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ልገጥም ቆርጬ ተነሣሁ።

ቀይና ጥቁሩ ሽቦ ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ ይቀበላሉ፤ ብርቱካናማና ግራጫው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። ሞተሩና ሐዲዱ በቀጥታ ከተነካኩ ዲኮደሩ አለቀለት። እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት በአማላጅ በኩል ብቻ ነው የሚነጋገሩት። (እኔና ባለቤቴም ያን ሰሞን እንደዚያው ነበርን። "የምጣዱ ገመድ ከተቃጠለ ሦስት ሳምንቱ፤ የመበየጃ ካውያው ለመጫወቻ ሲሆን ይሞቃል!" ትላለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው።)

ጉዱ የመጣው ፕሮግራም ሲደረግ ነው። ዲኮደሩ ውስጥ ያሉት የቁጥር ማስቀመጫዎች "ሲቪ" ይባላሉ። ሲቪ 1 ሎኮሞቲቯ የምትጠራበት አድራሻ ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም 3 ናቸው፤ ካልቀየሩት ፒያሳ ላይ "አቤ!" ብሎ እንደ መጣራት ነው፣ ግማሹ ሰው ይዞራል። ሲቪ 3 አነሣሥን፣ ሲቪ 4 አቋቋምን ያለሰልሳል። የሚኒባሶቻችን ሲቪ 4 ዜሮ ሳይሆን አይቀርም፤ "ወራጅ አለ" ሲባል አፍንጫችን የፊተኛው ወንበር ላይ ነው።

የጎረቤታችን የእትዬ ልጅ በአካውንቲንግ ከተመረቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ።

"ሲቪዋን እያስተካከልኩላት ነው።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንድ ቁጥር አስገባሁ። ዲኮደሩ ቁጥሩ እንደገባለት የሚያስታውቀው ሞተሩን ለቅጽበት በመንዘር ነውና ሎኮሞቲቯ ነቅነቅ አለች።

"ምን ሆነች?"

"ደርሶኛል ማለቷ ነው።"

"ወዲያው?"

"ወዲያው።"

ዝም ብሎ ቆየ። "ጋሼ፣ የሥራ ልምድ አልተጠየቀችም?"

ድምፁን ስከፍተው ጡሩንባው ግቢውን ሞላው። እትዬ ነጠላቸውን እያጣፉ ብቅ አሉ፤ አዳምጠው ሲያበቁ፣ "ይሄ የፈረንጅ አገር ነው። የእኛው ድሬዳዋ ሊሄድ ሲል እንዲህ አይልም" ብለው ተመለሱ። የልፋቴ ዋጋ ይኸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። ልጁ ነው፣ ክላሰሩን በብብቱ ይዟል።

"ጋሼ፣ ይቺንም ሐዲዱ ላይ ያስቀምጡልኝ። ከተነቃነቀች ይጥሩኝ፤ ቤት ነኝ።"