ቡናችንን ለቀቅ አድርጉት

ሰሞኑን ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የዲሹ ወርሃዊ ክፍያ ጨምሯል ይላል። ደሴ ፒያሳ ካርድ የሚሞላልኝ ልጅ ጋ ሄጄ «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚቆመው?» አልኩት። «ጋሼ፣ በቀን ሲካፈል እኮ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ነው» አለኝ። ከላይ የተነገረውን ነው የደገመልኝ፤ በልጁ አልፈርድም። አባባሉ ግን አናደደኝ።

ወሎ ውስጥ ማነው ቡና ለብቻው የሚጠጣው? ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ አዋቂ ይመርቃል። ከአቦል እስከ በረካ ስንት ሰው ይስተናገዳል! ጀበናው የእኔ ነው፣ ረከቦቱም የእኔ ነው። ወር ሞላ ብሎ ጀበናዬን የሚዘጋብኝ የለም። ዲኮደሩንም በራሴ ብር ነው የገዛሁት። ዲሹን ጣሪያዬ ላይ ያሰቀልኩት፣ ለባለሙያውም የከፈልኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ቀን ሲሞላ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ «ይክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ይሄ ከቡና ጋር ምን ያገናኘዋል? ደግሞ እኔ የምፈልገው የእንግሊዝ ኳስና የልጆች ካርቱን ብቻ ነው። ለሁለት ነገር ብዬ ከፍቼ የማላውቀውን የቻናል መዓት ለምን እገዛለሁ? የሚታየውን ብቻ ለይታችሁ ሽጡልን!

ዶላር ጨመረ ይላሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው ከእጥፍ በላይ መሆኑን አልክድም። የደሴ መምህር ደመወዝ ግን በዶላር አይከፈልም።

ካሴትም ቢሆን ከዚህ ጣጣ አላዳነንም። ቪኤችኤስ የሚባለው የቪዲዮ ካሴት እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ውስጥ ወጣ። ዲቪዲ በ1996 መጣ፣ ብሉሬይ በ2006። እኛ ጋ በመሃል ቪሲዲ ነበር። በመጡ ቁጥር ማጫወቻ ቀይሩ ተባልን፣ ቀየርን። ያኔ ቢያንስ አንዴ የገዛኸው የራስህ ነው፤ ለጎረቤት ታውሰዋለህ፣ ከጎረቤት ትዋሳለህ። አሁን ዕድሜ ልክህን ከፍለህ እጅህ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

የእህቴ ሰርግ የተቀረጸው በቪዲዮ ካሴት ነው። ማጫወቻችን ከተበላሸ ቆየ። አዲስ ልግዛ ብትል አታገኝም፤ የጃፓኑ ማጫወቻ አምራች ፉናይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል። ወደ ፍላሽ ለማስገልበጥ የተጠራልኝ ዋጋ ደግሞ ከአንድ ወር የዲሽ ክፍያ አይተናነስም።

ስለዚህ የዚህን ወር ካርድ አልሞላሁም። በብሩ ካሴቱን አስገለብጥበታለሁ። እዚያ ውስጥ አባቴ ሙሽሮቹን ሲመርቅ አለ። ልጆቼ ድምፁን ሰምተውት አያውቁም።