ትንሽ ወደ ቀኝ… ኧረ በዛ!

ሰው ፕሮጀክተር የሚገዛው ፊልም ለማየት ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ ፕሮጀክተር የተገዛበት ቤት ገብቶ አያውቅም። ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ከካርቶኑ ያወጣል፣ ይሰካል፣ ቁጭ ብሎ ያያል። ፕሮጀክተር የገዛ ሰው ግን ሥራ ነው የገባው፤ ደመወዝ የሌለው፣ አለቃ የበዛበት፣ ጡረታ የማይወጣበት ሥራ። አለቆቹም ሩቅ አይደሉም፤ ሶፋው ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተደርድረዋል።

ጣጣው የሚጀምረው ከኢንች ነው። ካርቶኑ ላይ «እስከ 300 ኢንች» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህን ያነበበ አባወራ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቶ ኢንች የሚባለውን ነገር ይንቃል። የግድግዳውን ወርድ በዓይኑ ለክቶ «ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሙላው» ይላል። ካርቶኑ ያልነገረው ነገር፣ ማሽኑ የሚተፋው ብርሃን ምስሉ ቢሰፋም ቢጠብም ያው መሆኑን ነው። 100 ኢንች የነበረው ምስል 150 ሲሆን የሚሸፍነው ግድግዳ ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ያው ብርሃን እዚያ ሁሉ ላይ ሲዳረስ ድምቀቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። 200 ቢያደርጉት ሩቡ ነው የሚቀረው። ሲሰፋ ይሳሳል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሆኖም በመጀመሪያው ምሽት «ትንሽ እናሳንሰው» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ልኬቱማ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ማሽን መመሪያው ላይ የተጻፈ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ ማሽኑ ከግድግዳው የሚርቀው የምስሉን ወርድ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነውና፣ ባለ 100 ኢንች ምስል ወርዱ 2 ሜትር ከ21 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ማሽኑ 3 ሜትር ከ30 ገደማ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ሜትር ይዞ ማባዛት የሚችል ሰው ወዲያው ይጨርሰዋል። ክፋቱ፣ ስሌቱ የሚያርፍበት ቦታ ሁልጊዜ ወይ በር ላይ ነው፣ ወይ ሶፋው ላይ አማቲቱ የተቀመጡበት። ስለዚህ ሜትሩ ይጠቀለልና ማሽኑ ድሮም እዚያ በነበረችው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ይህቺን ጠረጴዛ ልብ በሉልኝ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው መከራ ሁሉ ከእሷ ነው፤ ማንም ግን አይነካትም።

ከዚያ መብራት ይጠፋና ግድግዳው ላይ አንድ ሰማያዊ ነገር ብቅ ይላል። አራት ማዕዘን ነው እንዳይባል አናቱ ሰፍቶ ግርጌው ጠቧል፤ አንደኛው ጎኑም ከሌላው ይረዝማል። ሶፋው ሥራ ይጀምራል።

«ትንሽ ወደ ቀኝ።»

«በማን ቀኝ?»

«በእኔ ነዋ! …ኧረ በዛ! መልሰው፣ መልሰው።»

«ከፍ አድርገው እንጂ፣ አናቱን ቆረጥከው እኮ።»

«እማዬ፣ እባክዎ ትንሽ ከብርሃኑ ዞር ይበሉልኝ።»

«እኔ ምን አደረግኩ? ጥላዬ ነው።»

ማሽኑን ቀና ለማድረግ መጻሕፍት ይመጣሉ። ለዓመታት ያልተገለጠው ወፍራም መዝገበ ቃላት በመጨረሻ ሥራ ያገኛል። በላዩ ቀጭን ልቦለድ፣ በልቦለዱ ላይ የታጠፈ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ሌላ ታጥፎ የተመለሰ ወረቀት። ባለቤቱ ትንፋሹን ውጦ፣ በሁለት ጣቶቹ የማሽኑን የፊት እግር ያዞራል። እግሯ ብሎን ናት። እዚህ ዓይን የማያያት ንቅናቄ እዚያ ግድግዳው ላይ ሁለት ጣት ትሆናለች። አለቆቹ «ትንሽ» የሚሉት በግድግዳው ልክ ነው፤ እሱ የሚያዞረው በብሎኑ ልክ። በመካከል ያለው ሦስት ሜትር ትዳር ያናጋል።

ይኼኔ የሚስት ወንድም ይነሳል። በየቤቱ አንድ አለ፤ የማሽኑን ስም ሳይጠይቅ ችግሩን የሚያውቅ። «ኪስቶን አለው እኮ! ምን ያለፋችኋል?» ብሎ ሪሞቱን ይነጥቃል። ኪስቶን ማለት እንዲህ ነው። ማሽኑ ጠማማ ስለተቀመጠ ምስሉ ጠመመ። ኪስቶን ደግሞ ምስሉን ገና ማሽኑ ውስጥ እያለ በተቃራኒው ያጣምመዋል። ሁለቱ ጠማሞች ግድግዳው ላይ ሲገናኙ ቀጥ ያሉ ይመስላሉ። ጭብጨባ ይሆናል። ግን በነፃ አልተገኘም። ባለ 1920 በ1080 ማሽን የገዛ ሰው 2,073,600 ነጥቦች ነው የገዛው፤ ኪስቶን ከዳርና ከዳር ያሉትን «እናንተ ዛሬ አትፈለጉም» ብሎ ያሰናብታቸዋል፣ የቀሩትንም አጨናንቆ የፊደሉን ጠርዝ ያሻክረዋል። የተሰናበቱት ነጥቦች ደግሞ ጨርሰው አይጠፉም። ክፍሉ በደንብ ሲጨልም ምስሉን ከብበው፣ ግራጫ ጠርዝ ሆነው ግድግዳው ላይ ይታያሉ። ወደድ ያሉት ማሽኖች ሌንሱን ራሱን ወደ ላይና ወደ ጎን የሚያንሸራትት መዘውር አላቸው፤ ምስሉን ሳያጣምም ያዘዋውረዋል። የእኛ ሰው ግን ያንን ሲገዛ አልተመለከተም፤ ያኔ ኢንች እያነበበ ነበር።

ጠረጴዛዋን አንድ ስንዝር ወደ ግራ ብናደርጋትስ? ይህን ሁሉም አስቧል፤ ማንም አልተናገረም። ምክንያቱም ጠረጴዛዋ እንድትነሳ ላይዋ ያለው መነሳት አለበት፤ ላይዋ ያለው እንዲነሳ ሰው መነሳት አለበት፤ ሰው ደግሞ ተመቻችቶ ተቀምጧል። «ጠረጴዛዋ ትነሳ» ያለ ሰው አንሺ ሆኖ እንደሚቀር የታወቀ ነው። እናም አንድ ቤተሰብ በሙሉ ስንዝር ላለመራመድ ሲል ሪሞት ሲጫን ያመሻል። ከዚያ በኋላ ያየሁት የፕሮጀክተር ጥበብ ሁሉ፣ እውነቴን ነው፣ ከዚህች ስንዝር ለመሸሽ የተፈጠረ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ዕቃ ከጥንትም ቤተሰብ አላስማማም። የፕሮጀክተር ቅድመ አያት የሆነውን ባለ ሌንስ ፋኖስ እ.ኤ.አ. በ1659 ገደማ የሠራው ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ ነው፤ የፔንዱለም ሰዓትን የሠራ፣ የሳተርን ቀለበት ምን እንደሆነ የገለጸ ሰው። በ1662 አባቱ ያንን ፋኖስ ላክልኝ፣ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ይታይልኝ አሉ። ልጅ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከቤተሰባችን ወጣ ይባላል ብሎ አፈረ። አባትን እምቢ ማለት ደግሞ አልሆነለትም። ስለዚህ እልካለሁ አለና፣ በጎን ለወንድሙ ደብዳቤ ጻፈ፤ ዕቃው ሲደርስ ከሌንሶቹ አንዱን አውጥተህ እንዳይሠራ አድርገው የሚል። ዛሬ ሪሞት ሶፋ ሥር የሚደብቁ ሚስቶች የዚህ ሰው ደቀ መዛሙርት መሆናቸውን አያውቁም።

ወደ ጠረጴዛዋ እንመለስ። እሷን ከማንቀሳቀስ ኮርኒስ መብሳት የሚቀለው ቤት ብዙ ነው። የሚስት ወንድም ድሪል ይዞ ይመጣል። ኮርኒስ ላይ የሚሰቀል ማሽን ተገልብጦ ነው የሚሰቀለው፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ብርሃናቸውን ከሌንሱ ወደ ላይ አንጋጥጠው ስለሚተፉ፣ ሳይገለበጥ ቢሰቀል ፊልሙ ኮርኒስ ላይ ይታያል። ማሽኑ ሲገለበጥ ምስሉም አብሮ ይገለበጣል፤ ያንን ለማቅናት ሜኑ ውስጥ መግባት ነው። ሜኑውም ተገልብጦ ነው የሚመጣው። አንድ ሰው መሰላል ላይ፣ ሌሎቹ ከታች አንገታቸውን አዝምመው፣ «ታች በለው!»፣ «አሁን እኮ ታች ማለት ላይ ነው!»፣ «ቋንቋውን ቻይንኛ አደረግከው!» ሲባባሉ፣ መላ ያገኘው ትንሹ ልጅ ነው። ሶፋው ላይ እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ጭንቅላቱን ወደ ወለሉ አንጠልጥሎ ቁልጭ አድርጎ አነበበላቸው። አመስግኖ ያስነሳው የለም፤ እስኪያልቅ እንደዚያው ሆኖ እንዲያነብ ተነገረው።

ቀጥሎ የቀለም ክርክር ነው። ሜኑ ውስጥ «ዳይናሚክ» የሚባለው ምርጫ ከሁሉም ይደምቃል። ባለ አምፖል ማሽኖች ላይ ያ ድምቀት የሚገኘው አረንጓዴውን በማብዛት ስለሆነ ተዋንያኑ ሁሉ የመርከብ ጉዞ ያልተስማማው ሰው ይመስላሉ። «ሲኒማ» የሚለው ፊልም ሲቀናበር ወደሚጠቀሙበት ነጭ፣ ወደ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው)፣ ይጠጋል። ግን ከዳይናሚክ ወደ ሲኒማ ሲዞር ቤቱ በአንድ ድምፅ «ቢጫ ሆነ!» ይላል። ባለቤቱ «ዓይናችሁ ይለምደዋል» ይላል፤ እነሱ ደግሞ እሱ ውጪ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ተመልሶ ሲገባ ተዋንያኑ እንደገና ታመዋል፤ ሪሞቱን የነካ ሰው ደግሞ የለም።

ካርቶኑ ላይ ያለውን «ፎርኬ» (4K) የሚለውን ጽሑፍ በሁለት መስመር ልለፈው። «ፎርኬ ይቀበላል» ማለት በፎርኬ የመጣውን ምስል አይመልሰውም ማለት እንጂ፣ በሙሉ 3840 በ2160 ነጥቦቹ ያሳያል ማለት ላይሆን ይችላል። ለማያውቁሽ ታጠኝ ይሉታል።

ጥቁር ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የሰው ጠባይ የሚለወጠው እዚህ ነው። ጥቁር ብርሃን የሚባል ነገር የለምና ፕሮጀክተር ጥቁር አይተፋም። ፊልሙ ውስጥ ሌሊት የሚባለው ብርሃን ያልተላከበት ግድግዳ ነው፤ ክፍሉ ካልጨለመ ሌሊቱም አይጨልምም። ይህን የተረዳ ባለቤት ከብርሃን ጋር ጠብ ይጀምራል። በመስኮቱ ላይ መጋረጃ፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ይደረባል። የዋይፋዩ ትንንሽ መብራቶች ፕላስተር ይለጠፍባቸዋል። ስልኩን ያበራ ሰው ስሙ ይጠራል። ነጭ ኮርኒስ ከምስሉ የተቀበለውን ብርሃን መልሶ ግድግዳው ላይ እንደሚረጭ ካነበበ በኋላማ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ እንግዳ በትሕትና የኋላው ወንበር ይሰጠዋል። እንግዳው የተከበረ መስሎት ያመሰግናል።

አማቲቱ አንድ ምሽት «ቀስተ ደመና አየሁ» አሉ። ዝም ተባለ። ልጅቱ እናቷን በስስት አየቻቸው፤ የሚስት ወንድም የዓይን ሐኪም ጠቆመ። እውነተኛዋ ግን እሳቸው ነበሩ። በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን መስታወቶች በአንድ ቺፕ ላይ የሚገላበጡበት ማሽን አለ፤ ቺፑን እ.ኤ.አ. በ1987 የፈለሰፈው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትሱ ላሪ ሆርንቤክ ነው። ቺፑ አንድ ብቻ ሲሆን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን አንድ ላይ አያወጣም፤ በፍጥነት ያፈራርቃቸዋል። ዓይን ድንገት ዞር ሲል፣ ይልቁንም በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ፣ ቀለሞቹ ተነጣጥለው ብልጭ ይላሉ። ለአንዳንዱ ሰው ይታየዋል፣ ለሌላው ዕድሜ ልኩን አይታየውም። ይህ በተነገረ ማግስት የሚስት ወንድምም ማየት ጀመረ፤ ያውም ከእሳቸው በላይ።

ድምፁን አስተካክለው ሲጨርሱ (ማሽኑ ምስሉን ሲያሰናዳ ስለሚዘገይ ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሰውዬው አፉን ሳይከፍት ይናገራል፣ ስለዚህ ድምፁን በሚሊ ሰከንድ ማዘግየት ነው) ፊልሙ በመጨረሻ ይጀመራል። ሁሉም ያያል፣ ከባለቤቱ በቀር። እሱ የሚያየው አራቱን ማዕዘኖች ነው። ጀግናው ሲሞት ሚስቱ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እሱ ዞር ትላለች፤ እሱም ፊቱ ላይ ሐዘን አለ። «ግራ ጥጉ ደብዝዟል» ይላል።

አብቅቶ የሠራተኞቹ ስም መውረድ ሲጀምር ቤተሰቡ ብርድ ልብሱን እያጣጠፈ ይነሳል። ፎከስ ለማስተካከል ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም፤ ደቃቅ ነጭ ፊደል፣ ድቅድቅ ጥቁር ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር። «መብራት እንዳታበሩ!» ብሎ ያቆመዋል። የሚስት ወንድምን ሌንሱ ዘንድ አቁሞ፣ ራሱ ግድግዳው ላይ አፍንጫውን ሊያስነካ ደርሶ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ስም በፊደል እየቆጠረ ያነባል። ሌንሱ ፀጉር ታህል ይዞራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይዞራል። ከዚያ ፊቱ ይፈካል።

«ቁጭ በሉ እንጂ፣ ወዴት ነው? አሁን ነው ጥርት ያለው! ከመጀመሪያው እናየዋለን።»