ያልተመዘገበ ጉዳት

እዚህ አሜሪካ ከ10 በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ፣ አደጋቸው አነስተኛ ነው ተብለው ከተለዩ ዘርፎች ውጪ ከሆነ፣ በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳትና ከሥራ የመጣን ሕመም ባወቀ በ7 ቀናት ውስጥ መዝግቦ መያዝ ግዴታው ነው። ሠራተኛ ከሞተ በ8 ሰዓት፣ በጉዳት ሆስፒታል ከተኛ፣ አካሉ ከተቆረጠ ወይም ዓይኑን ካጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ኦሻ ለተባለው የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስታውቃል። የዓመቱ ድምር ደግሞ በድርጅቱ ኃላፊ ተፈርሞ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ሠራተኛው በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

በዚህ መዝገብ ላይ የእኛ ሰው ጉዳት በልኩ ሰፍሯል ብዬ ግን አላምንም። አረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ እኅታችን በሽተኛ ስታነሣ ወገቧን ወጋ ያደርጋታል፤ «ይተወኛል» ብላ ፈረቃዋን ትጨርሳለች፣ ማታ አድቪል ውጣ ትተኛለች፣ በማግሥቱም ትገባለች። ከሳምንታት በኋላ መቆም ሲያቅታት ጉዳቱ መቼና የት እንደደረሰ ትጠየቃለች፤ ያን ጊዜ የምታሳየው ወረቀት የላትም። ዝም የሚያሰኛት የሥራ ሰዓት ይቀንሱብኛል የሚል ስጋት ነው። ጉዳት በማስታወቁ የተቀጣ ሠራተኛ በ30 ቀናት ውስጥ ለኦሻ አቤት ማለት እንደሚችል የነገራትም የለም። ጉዳት ያልተመዘገበበትን ወር በግብዣ የሚያከብሩ አለቆችም አሉ፤ በዚያ ቤት ተጎዳሁ ማለት የባልደረቦችን ድግስ ማበላሸት ይመስላል። ኡበር የሚነዱት ወገኖቻችን ደግሞ በብዛት ተቀጣሪ ተብለው ስለማይቆጠሩ ከነጭራሹ መዝገብ የላቸውም።

አገር ቤት ሕግ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ላይ አደጋንና በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያስታውቅ ያዛል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ውስጥ ከባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ በብዛት ስሙ ያለው ካቦው ኪስ ውስጥ ባለው የቀን ውሎ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። ሰዎች ተሸክመው ታክሲ ውስጥ ያስገቡታል፣ ሥራ ተቋራጩ መልካም ሰው ከሆነ የሕክምናውን ይከፍላል፣ ሽማግሌ ገብቶ ለቤተሰቡ ጥቂት ብር ይሰጣል፤ «ቀኑ ነው» ይባልና በማግሥቱ ሌላ ልጅ በዚያው ርብራብ ላይ ይወጣል። ርብራቡ ለምን እንደተናደ የጠየቀ፣ የጻፈም የለም። ሽምግልናው ለቤተሰቡ እንባ ማበሻ ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ልጅ ግን አያድነውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ መዝገቡን ማን ያየዋል የሚለው ነው። እዚህ ማንኛውም ሠራተኛ፣ ሥራውን የለቀቀም ቢሆን፣ የጉዳት መዝገቡን ቅጂ ከጠየቀ አሠሪው እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ማብቂያ ድረስ ሊሰጠው ይገደዳል። አገር ቤት ያለው መዝገብም ከፋይል ወጥቶ በየግንባታው በርና በየፋብሪካው የምሳ አዳራሽ ሠራተኛው በሚያነብበው ቋንቋ ሊለጠፍ ይገባል። አዋጁ ለጊዜው መሥራት ላቃተው ተጎጂ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ክፍያ ፈቅዶለታል። ይህን ለመጠየቅ ግን ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ስለዚህ ካቦው የወደቀውን ሰው ስም፣ ቀኑን፣ የወደቀበትን ቦታና ያየውን ሰው በዚያው ዕለት ይጻፍ፣ ቅጂውንም ለተጎጂው ይስጠው።