ክርክሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው

ደሴ ነኝ። ጳጉሜን 2016 ነው፤ የጦሳን ተራራ ከትናንት ጀምሮ ጉም ውጦታል። ከቨርጂኒያ የመጣሁት 2017ን ከቤተሰብ ጋር ልቀበል ነበር። የአሜሪካ ምርጫ ክርክር ግን ተከትሎኝ መጣ። ካማላ ሃሪስና ዶናልድ ትራምፕ ፊላደልፊያ ላይ የሚፋጠጡት ማክሰኞ ማታ ነው፤ በእኛ የእንቁጣጣሽ ሌሊት 10 ሰዓት። የበዓሉ ዶሮ ለመጨረሻ ጊዜ የሚጮኽበት ሰዓት በሉት።

እዚያ ትንበያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ኡበር የሚነዱ ጓደኞቼ ከቤንዚን ዋጋ እኩል የምርጫውን ውርርድ ዋጋ ይከታተላሉ። አይፈረድባቸውም። ሰኔ 20 ባይደን አትላንታ ላይ ከትራምፕ ጋር ሲከራከሩ ሲንተባተቡ አመሹ፤ በ24ኛው ቀን ከውድድሩ ወጡ።

ቡና ላይ አክስቴ «ማን ያሸንፋል?» አለችኝ። ተንታኝነቴ ተነሳብኝ። ትራምፕን ነገር የፈለገው ሰው ያስቆጣዋል፣ ካማላ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ነበረች፣ ትነካካዋለች፤ ክርክሩን እሷ ትወስዳለች አልኩ። ምርጫውን ግን እንጃ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሂላሪ ሦስቱንም ክርክር አሸነፈች ተብሎ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ የገባው ትራምፕ ነው። አንዱ ሲናገር የሌላው ማይክ እንደሚዘጋም ነገርኳቸው።

«አፍ ዘግቶ ክርክር!» አሉ ጎረቤታችን ሐጂ። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እኛም ጋ ነበረ እኮ፣ እዚሁ ቦሩ ሜዳ» አሉ።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወጣ ሲሉ ያለች ናት። በ1870 አፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክን አጠገባቸው አድርገው የቤተ ክህነቱን ሊቃውንት በሃይማኖት አከራከሩ። የትኛው ወገን ትክክል እንደሆነ የሚናገረው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ደብዳቤ ግን ቀድሞ እጃቸው ገብቷል። ለዚያ ክርክር ተንታኝ አያስፈልግም ነበር። ቀጥሎ የወሎ እስላም ተጠመቅ ተባለ።

«ክርክሩ ላይ አልነበርንም» አሉ ሐጂ እየሳቁ፤ «ውጤቱ ግን ደረሰን።»

እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አሜሪካ ስኖር ክርክርን እንደ ኳስ ማየት ለምጃለሁ። ማን አገባ፣ ማን ሳተ። እዚህ ክርክር የሚለው ቃል ራሱ ከባድ ነው። የ97ን ምርጫ የሚያስታውስ ያውቀዋል። ገዥውና ተቃዋሚው በቀጥታ ሥርጭት ሲሟገቱ ሰው ሥራ ፈቶ ቴሌቪዥን ስር ተኮለኮለ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ማን ረታ በሚል ልንደባደብ ደርሰን ነበር። በኋላ ሰው ሞተ፣ የምናደንቃቸው ተከራካሪዎችም እስር ቤት ገቡ።

ለዚህ ይመስለኛል አክስቴ የእኔን ትንታኔ ከቁብ ያልቆጠረችው። ቶናውን እየቀዳች «የተሸነፈውስ?» አለች።

«የተሸነፈው ምን?»

«የት ይገባል?»

«ቤቱ ነዋ!» ልላት አፌን ከፈትኩ። የ2013 የገና ዋዜማ ትዝ አለኝ፤ የትራምፕ ደጋፊዎች ካፒቶልን ጥሰው የገቡበት ቀን። ያን ቀን አርሊንግተን ቤቴ ተቀምጬ ከደሴ የተደወለልኝ «ደህና ነህ ወይ?» ለመባል ነበር። ያኔ የደወለችው ራሷ አክስቴ ናት።

«ቤቱ ይገባል… መሰለኝ» አልኳት።

«አብሽር» አሉኝ ሐጂ።

አላርሜን ለ10 ሰዓት ሞልቻለሁ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። «ከነቃህማ ለዶሮው ውሃ ትጥድልኛለህ።»