የታኅሣሥ ዘማቾች ውዳሴ

ነጭ ስኒከር ተጫምቶ፣ ስልኩ ሰባቱንም ቀን ዝናብ እያሳየው፣ «ግድ የለም፣ እዚያ ስንደርስ ይቀየራል» ብሎ በታኅሣሥ ሲያትል የሚገባውን እንግዳ ያላደነቀ ሰው ምን ሊያደንቅ ነው? በየዓመቱ በፈረንጅ ገና ሰሞን ከዳላስ፣ ከሎስ አንጀለስ፣ ከአትላንታና ከዲሲ ይዘምትልናል። ዘመድ ሊጠይቅ ነው የሚመጣው ይባላል። ሐሰት ነው። የሚመጣው ከሰማይ ጋር ሊሟገት ነው።

ጠላትን ቀድሞ ማጥናት የፈሪ ሥራ ነው። ፈሪ ሰው ትኬት ሳይቆርጥ ይጠይቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የሲያትል ዋናው የዝናብ ወቅት መሆኑን፣ በዲሴምበር ቀኑ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ውሎ ሌሊቱ ወደ 3 እንደሚወርድ ይሰማና ያስብበታል። ጀግናችን ግን «እኛ እኮ የአዲስ አበባን ክረምት አይተን ያደግን ነን» ይላል፤ ነገሩ ያልቃል።

ደግሞ አልዋሸም። ሲያትል በዓመት የምታገኘው ዝናብ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባም፣ ኒው ዮርክም፣ ማያሚም ይበልጧታል። ልዩነቱ አዘናነቡ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ሐምሌ ዶፉን ያወርዳል፣ ቆርቆሮውን በበረዶ ይቀጠቅጣል፣ ከዚያ ያባራል። የሲያትሉ ካፊያ ነው፤ ጠዋት ይጀምራል፣ አይበረታም፣ አይተውም። ከፓስፊክ የሚነሣው እርጥብ አየር መጀመሪያ የኦሎምፒክን ተራሮች ያገኛል። በምዕራብ ጎናቸው ያለው የሆ ደን በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ይዘንብበታል፤ በስተጀርባቸው ያለችው ስኩዊም የምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ ተራሮቹ ስለሚከልሏት 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይደርሳታል። ሲያትል ሁለቱም አልሆነላትም። የሚደርሳት ዶፉ ሳይሆን ደመናው ነው።

ዘማቹ ግን በልጅነቱ የተማረውን ስልት አይጥልም። ካፊያው ሲነካው አንድ ሱቅ በር ላይ ጥግ ይይዝና «እስኪያባራ ትንሽ እንቆይ» ይላል። ትዕግሥቱን እናከብራለን። እስኪያባራ ልቆይ ያለ ሰው እስከ መጋቢት እዚያው ይቆማል።

ልብሱ ለብቻው ምዕራፍ ይገባዋል። የሚመረጠው ላባ የተሞላ ወፍራም ጃኬት ነው፤ ብርዱ ደረቅ የሆነበት ሚኒሶታ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። ላባ የሚያሞቀው በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ነው። ሲርስ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይተኛል፣ አየሩ ይወጣል፣ ጃኬቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ መሆኑን ትቶ ሸክም ይሆናል። «ውሃ አያስገባም ብለው እኮ ነው የሸጡልኝ!» ይላል። ወረቀቱ የሚለው ግን «ውሃ ይቋቋማል» ነው። ውሃ የሚቋቋም ጃኬት ጨርቁ ላይ ቅብ አለው፤ ከመኪና እስከ በር ላለው መንገድ ይበቃል። ውሃ የማያስገባውን ለማወቅ ገልብጦ ማየት ነው፤ ስፌቱ በሙሉ ከውስጥ በኩል በቀጭን ፕላስቲክ ተለጥፎበታል፤ ምክንያቱም ጨርቁ ቢችለው እንኳ መርፌው የቀደደው ያስገባል። ይህን ለማየት ሱቅ ውስጥ አሥር ሰከንድ ይበቃ ነበር። ጀግና አሥር ሰከንድ የለውም።

ጋቢ ደርበው የሚወጡም አሉ፤ ለእነሱ ባርኔጣችንን እናነሣለን። ጋቢ ጥጥ ነው። ሁለት መንገድ ሲሻገሩ የወሰደውን ውሃ ለማድረቅ የዘመድ ማድረቂያ ማሽን ሁለት ዙር ይዞራል፣ ጥለቱም ቀለሙን ለነጩ ያካፍላል። ጂንስም ከጋቢ አይሻልም፤ ማታ ተሰቅሎ ጠዋት እርጥብ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ስኒከሩ ነው። ማታ ርሶ ሲመጣ ዘማቹ ማሞቂያው ላይ ይደግፈዋል። ሙጫው በሙቀቱ ይላላና በሦስተኛው ቀን ሶሉ ከጫፉ አፉን ይከፍታል። የአገሩ ሰው የውስጥ ሶሉን አውጥቶ፣ ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ፣ ጋዜጣው ሲርስ እየቀየረ፣ ከማሞቂያው ራቅ አድርጎ ያሳድረዋል። ከጥጥ ካልሲ ይልቅም የሱፍ ካልሲ ያደርጋል፤ ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃልና። ይህ ሁሉ የአሮጊት ጥንቃቄ ነው፤ ፎቶ ላይ አይታይም።

ጃንጥላም ይገዛል። የሲያትል ሰው ኮፍያ ባለው ጃኬት የሚሄደው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ ካፊያው ከላይ ብቻ ስለማይመጣ ነው። ቁልቁል ወደ ባሕሩ የሚወርዱት መንገዶች ነፋሱን እንደ ቧንቧ ይዘው ያመጡታል። ከአራተኛ ጎዳና ወደ አንደኛው ሲወረድ ጃንጥላው አንድ መንገድ ማቋረጫ ላይ ይገለበጣል፣ ሁለተኛው ላይ አጥንቱ ይሰበራል፣ ሦስተኛው ላይ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከወንድሞቹ ጋር ይገናኛል።

ስለ ሰዓት አጠቃቀም ደግሞ እንናገር። በዚህ ሰሞን ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥታ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ አካባቢ ትጠልቃለች። ወጣች የምንለውም ለወጉ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል የማይሞላ ብርሃን ማለት ነው። ዘማቹ አምስት ሰዓት ላይ ይነሣል። ቁርስ አለ። ከዚያ የቤቱ እመቤት ቡና ታቀርባለች፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሳይጠጣ መነሣት ነውር ነው፤ የዲሲ ዜናም ገና አላለቀም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ «በሉ እንውጣ!» ይባላል። ልጆች ጫማ ያደርጋሉ፣ አንዱ ጓንቱን አጥቷል። መኪና ማቆሚያ ሲገኝ አሥር ሰዓት ሆኗል። በቀረችው ሃያ ደቂቃ ከተማውን በሙሉ ለማየት የሚነሣ ሰው እውነተኛ ዘማች ነው።

መኪናውን መከራየቱም ያስመሰግናል። ከኤርፖርት መሀል ከተማ ዌስትሌክ ድረስ በሊንክ ባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ለአዋቂ 3 ዶላር። ዘማቹ ግን በአውቶቡስ ወደ ኪራይ መኪናዎቹ ሕንፃ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ትልቁን መኪና ይይዛል። አምስት ሰው እርጥብ ጃኬቱን እንደለበሰ ሲገባበት መስታወቱ በአንድ ጊዜ ይሸፈናል። በእጅጌ ይጠርገዋል፤ ቅባቱን ያዳርሰዋል እንጂ አይጠራም። ማሞቂያውን ይጨምራል፤ እርጥበቱ ከጃኬቱ ተነሥቶ መስታወቱ ላይ ይሰፍራል። የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ አጥፍቶ፣ ሙቀቱንና ኤሲውን አንድ ላይ ወደ መስታወቱ ቢከፍት በሁለት ደቂቃ ይጠራ ነበር፤ ኤሲ አየሩን ያደርቃልና። «በብርድ ኤሲ?» ብሎ ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ይተነፍሳል።

ወደ ፓይክ ፕሌስ ገበያ የሚኬደው በዲሴምበር 25 ነው። ከ1907 ጀምሮ የሚሠራው ገበያ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ይዘጋል፤ አንደኛው የምስጋና ቀን ነው፣ ሁለተኛውን ዘማቻችን በር ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ግን የዕለቱ ዕድል አያልቅም፦ በበዓሉ ቀን የመንገድ ዳር ማቆሚያ ነጻ ነው፣ እሱም ይህን ሳያውቅ የጋራዥ ሒሳብ ከፍሏል።

በማግስቱ ይመለሳል፤ አሁን ቡና ሊጠጣ ነው። ፓይክ ፕሌስ ቁጥር 1912 ላይ ያለው ስታርባክስ «የመጀመሪያው» ይባላል። የመጀመሪያው በ1971 የተከፈተው ግን ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ዌስተርን ጎዳና ላይ ነበር፤ እዚህ የመጣው በ1976 ነው። ሰልፉ ወደ ውጭ ይወጣና በእግረኛ መንገዱ ይጥመለመላል። የከፋ፣ የሲዳማና የይርጋ ጨፌ አገር ልጅ፣ ቤቱ በረካውን ጠጥቶ የመጣ፣ ኤርፖርቱ ውስጥም የሚሸጠውን ያንኑ ቡና ለመግዛት ካፊያ እየወረደበት ሰዓት ያህል ይቆማል። እዚህ ላይ ቃል ያጥረናል። ያውም ተራው ሲደርስ ጾም መሆኑን ያስታውሳል፤ የፈረንጅ ገና የሚውለው ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ወተቱን በአልመንድ ያስቀይራል፣ ከላዩ ላይ ክሬም መኖሩን ሳያስተውል። ከሰልፉ ማዶ የሚሸተው ክላም ቻውደር የሚባለው የባሕር ዛጎል ሾርባም ክሬም አለው፣ ብዙ ጊዜም ቤከን፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ። እሱን ግን «ሾርባ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል፤ ወደ ሆዱ ማለታችን ነው።

ከዚያ ስፔስ ኒድል። በ1962 ለዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ፣ 184 ሜትር፤ መመልከቻው 158 ሜትር ላይ ነው። የሲያትል ሰው ከታች ቀና ብሎ ያያል፤ ጫፉ ካልታየው ጫፉ ላይ ያለውም ሰው መሬቱን እንደማያየው ይገባዋል። በስልኩም የማማውን ካሜራ ያያል። ዘማቹ ግን ትኬቱን ከሁለት ሳምንት በፊት ቆርጦታል፤ ለአምስት ሰው፣ በነፍስ ወከፍ ከ30 ዶላር በላይ። በመስታወቱ በኩል ያየው ነጭ ነው። በዚህኛውም በኩል ነጭ ነው። የመስታወቱ ወለል ሲዞር ከሥሩ የሚዞረው ነጭ ነው። አውሮፕላን ተሳፍሮ ሲመጣ በነጻ ያየውን ደመና አሁን በክብር ከፍሎ ያየዋል። ኩዊን አን ኮረብታ ላይ ኬሪ ፓርክ የሚባል ቦታ ማማውንና ከተማውን አንድ ላይ በነጻ ያሳያል፤ ነጻ ነገር ግን ለጀግና ይከብዳል።

ወደ ቤንብሪጅ ደሴት የሚሄደውን ጀልባም ይንቃል። 35 ደቂቃ፣ ሞቃት፣ ደረቅ፣ ሰፊ መስታወት፤ እግረኛ የሚከፍለው ሲሄድ ብቻ ነው፣ እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ጨርሶ አይከፍልም። «ጀልባ ላይ ምን አለ?» ይላል። ዝናብ የለም፤ ለዚህ ይሆናል።

የዘመቻው ቁንጮ በረዶ ነው። ልጆቹ በረዶ ካላዩ ገና አይባልም፤ ስለዚህ በ90 ቁጥር አውራ ጎዳና 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ስኖኳልሚ መተላለፊያ ይወጣል። ከፍታው 921 ሜትር ነው። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ይህ ጉድጓድ ነው፤ «921 ሜትር ደግሞ ምን ተራራ ነው!» ይላል። ከተማው ላይ ካፊያ የሆነው ደመና ግን እዚያ ሲደርስ በረዶ ነው። መንገዱ ላይ ያለው የመብራት ሰሌዳ የጎማ ሰንሰለት ግዴታ መሆኑን ይናገራል፤ ትእዛዙን ያለፈ 500 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። የኪራይ ውሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰንሰለት ማሰርን ይከለክላል፤ ውል የሚያነብ ግን ፈሪ ነው ብለናል።

መንገድ ዳር ይቆማል። ሰንሰለቱ ካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገ ነው፤ ቤት ውስጥ በደረቅ መሬት አንድ ጊዜ ተሞክሮ ቢሆን ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ስኒከሩ በቀለጠ በረዶ ውስጥ ነው፤ ሚስቱ በስልክ ታበራለታለች፤ የቤቱ እመቤት ወንድም «ጠበቅ አድርገው!» ይላል፣ ከመኪናው ውስጥ። ጣቱ ስለደነዘዘ መንጠቆው አይያዝለትም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ እሰይ፣ ታሰረ። የታሰረው የኋላ ጎማ ላይ ነው። መኪናውን የሚጎትተው የፊተኛው ነው። በትክክል ቢያስርም ትንሽ ነድቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና ማጥበቅ፣ ከዚያም በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በታች መሄድ ነበረበት። አሁን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ የትም አይሄድም።

ልጆቹ ግን በረዶ አይተዋል። በመስኮት።

በጃንዋሪ 2 ይሸኛል። ዲሲ ገብቶ «ሲያትል እኮ ምንም የለም፣ ጨለማ ነው» ማለቱ ይሰማል፤ ለሚመጣው ታኅሣሥም ትኬት ከአሁኑ ርካሽ መሆኑን ይጠይቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጠፍቶ፣ በተለይ በሐምሌ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ድረስ ብርሃን መሆኑ ይነገረዋል፤ «በሐምሌ እኛ ጋም ፀሐይ አለ» ይላል።

እዚህ የቀረነው ገናችንን በጃንዋሪ 7 እንፈስካለን። አንዳንድ ዓመት በዚያው ሳምንት ብርዱ ጠንከር ይልና ደመናው ይገለጣል፤ ወራት የተሸሸገው 4,392 ሜትሩ የሬኒየር ተራራ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። የአገሬው ሰው «ተራራው ወጥቷል» ተባብሎ ሥራውን አቁሞ ያየዋል። ይህን ፎቶ አንሥቶ ለተመለሱት እንግዶች መላክ ጭካኔ ነው። በመሆኑም ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ሁላችንም እንልካለን።