ለቆመ ቋንቋ ሙሾ ለሚያወርዱ ደጋጎች የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን የማኅበራዊ ሚዲያ አልቃሾች ተረኛውን ሟች አግኝተዋል፤ ኜንጋቱ የተባለውን የአማዞን መግባቢያ ቋንቋ። የወንዙ ፎቶ ተለጠፈ፣ ሻማው በራ፣ «ነፍስ ይማር» ጎረፈ። እነዚህ ርኅሩኆች ባይደርሱላቸው ኖሮ በብራዚል ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በሳኦ ጋብሪኤል ዳ ካሾኤራ፣ በዚሁ ቋንቋ ስለ ካሳቫ ዱቄት ዋጋ የሚከራከሩት የባሬ ነገድ ሴቶች መሞታቸውን ከማን ይሰሙ ነበር?

ምስጋናው ለአልቃሾቹ ብቻ ከሆነ ግን አድልዎ ይሆናል። እኔን ሁሌም የሚያስደምመኝ እ.ኤ.አ. በ1757 የወጣው የፖርቱጋል ቅኝ ገዥዎች መመሪያ ነው። ቋንቋውን ከባሕር ዳርቻው ቱፒናምባዎች አፍ ወስደው፣ የየራሳቸው ቋንቋ ለነበራቸው ነገዶች በየሚስዮኑ እያስተማሩ ወንዙን ሽቅብ ያስፋፉት ኢየሱሳውያንና ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ መመሪያው ግን «አስጸያፊና ሰይጣናዊ ፈጠራ» ብሎ ፈረደበት፤ ነባሮቹን ነዋሪዎች ከሥልጣኔ ያራቃቸው እሱ ነውና ልጆቻቸው በትምህርት ቤት እንዳይናገሩት ከለከለ፤ ደግነቱ በዚህ ሳይወሰን የፖርቱጋል ቤተሰቦችን ስም እንዲይዙ አዘዘ፤ በአንድ ጎጆ ተፋፍገው እንዳያድሩም ስለ ቤታቸው ክፍል ተጨነቀላቸው። ይህ ሁሉ ውለታ ተውሎለት ቋንቋው በቀጣዩ ምዕተ ዓመትም በወንዙ ዳር መነገሩን አለማቆሙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምስጋና ቢስነት ነው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይቁም። ከ1835 እስከ 1840 በአማዞን በዘለቀው የካባናጄም ዐመፅ የአካባቢው ሕዝብ በአሥር ሺዎች አለቀ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመንም በላይኛው ሪዮ ኔግሮ የሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት የእናታቸውን ቋንቋ በመናገራቸው ይቀጡ ነበር። ይህን የፈጸሙ ሰዎች ነበሩ፤ «ሞተ» እያሉ እንደ እርጅና ማውራት ነውር ነው።

ደግሞም ሟቹ ይሉኝታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2002 በሳኦ ጋብሪኤል ቱካኖና ባኒዋ ከተባሉት የአካባቢው ቋንቋዎች ጋር የከተማዋ ሕጋዊ ቋንቋ ሆነ፤ በ2023 የብራዚል ሕገ መንግሥት ተተረጎመበት። አልቃሻችን ይህን ሲሰማ ድንኳኑን በመንቀል ፈንታ የዘር ሐረግ አጣሪ ሆኖ ይቀመጣል፦ ፖርቱጋልኛ ተቀላቅሎበታል፤ ባሬዎቹም የራሳቸውን ከአራዋክ ቤተሰብ የሆነ ቋንቋ ትተው የተቀበሉት እንጂ የጥንት ርስታቸው አይደለም ይላል። ይህንኑ መመዘኛ ለፖርቱጋልኛው ሲያቀርብ ግን እስካሁን አላየሁም፤ እሱ ከአማዞን አፈር የበቀለ ይመስል።