ይቺን 29 ቁጥር ማሊያ ምን ላድርጋት?

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ቁምሳጥኑን እያራገፈች ነበር። የማይለበሰውን ልብስ እየለየች ፌስታል ውስጥ ትከታለች። ድንገት አንዷን ብድግ አድርጋ «ይቺስ? ትሂድ?» አለችኝ። ጥቁር ሰማያዊ የሆኪ ማሊያ። ጀርባዋ ላይ «ላይኔ»፣ ከሥሩ 29።

«እሷን ተያት» አልኩ።

«ሰውየው እኮ ከሄደ ስንት ጊዜው!»

እውነቷን ነው። መልስ አጣሁ። ደሜ ግን ፈላ። እሷ ላይ መጮህ ስለማልችል ይኸው እናንተ ላይ ልጩህ።

የምኖረው ካናዳ፣ ዊኒፔግ ነው። ክረምት ላይ ከዜሮ በታች 30 መግባት እዚህ ወሬ አይደለም። ሰዉ እንዳያብድ ሆኪ ያያል። እኔም በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትኬት ተርፎት ይዞኝ ሄደ። ገብቼ ቁጭ እንዳልኩ «ይሄ እኮ ገና ነው!» አልኩ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ግፊያ፣ ጩኸት። በሩር ፈንታ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ አለ፤ ፓክ ይሉታል። ልዩነቱ እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን፣ እዚህ ጌቶቹ ተቆጥተው ጓንታቸውን ጥለው ይቧቀሳሉ፣ ዳኛውም እስኪወድቁ ቆሞ ያያል። በዚያች ማታ ተለከፍኩ። አርሰናልን እየደገፍኩ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ለስቃይ አዲስ አይደለሁም። ይሄኛው ስቃይ ግን ሌላ ነው።

በፈረንጆቹ 2016 ድራፍት ላይ (ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ነው) ቶሮንቶ አንደኛ ሆኖ ኦስተን ማቲውስን መረጠ። ሁለተኛው ተራ የኛ፣ የዊኒፔጉ ቡድን የጄትስ ነበር። ፓትሪክ ላይኔን ወሰድን። ከፊንላንድ፣ ከታምፔሬ የመጣ የ18 ዓመት ልጅ። በመጀመሪያው ዓመት 36 ጎል። በሁለተኛው 44። በዚያ ዓመት ከሱ በላይ ያገባው ኦቬችኪን ብቻ ነው፣ 49። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ የዘመኑን ትልቁን አግቢ በ5 ጎል ርቀት ይከተለዋል።

አመታቱን ልንገራችሁ። ተጋጣሚ ጥፋት ሠርቶ አንድ ሰው ለ2 ደቂቃ ሲወጣበት ፓወር ፕሌይ ይባላል። ያኔ ላይኔ በግራ በኩል ያለው ክብ ላይ ይቆማል። ሌላ ሥራ የለውም። ፓኩ ሲመጣለት አያቆመውም፣ አያበጀውም፣ እንደመጣ ይለጋዋል። በረኛው ከየት እንደሚመታ ያውቃል። አሰልጣኙ ያውቃል። ላይኛው ፎቅ ፋንዲሻ የሚሸጠው ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ይገባል። የታወቀ ነገር ሲገባ እንደማየት የሚያስደስት ነገር የለም።

በ2018 ጸደይ ከተማው አበደ። ለጥሎ ማለፉ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ይወጣል፣ መንገድ ይዘጋል። ከሩቅ ሳየው ጥምቀት መሰለኝ። እኔ ሞኙ በዚያው ሳምንት ሄጄ ሰማያዊ ማሊያ ገዛሁ። ከ200 ዶላር በላይ ነው የከፈልኩት፤ ለባለቤቴ የነገርኳት ዋጋ ሌላ ነው። ነጭ በለበሰ ሕዝብ መሀል ብቻዬን ሰማያዊ ሆኜ ቆምኩ። ለፍጻሜ አንድ ዙር ሲቀረን በቬጋስ ተሸነፍን፤ ገና በተመሠረተ በዓመቱ ባለ ቡድን። ይሁን፣ አልኩ። ልጁ አለን። ልጁ ካለ ገና ምን አይተን!

ከዚያ መጣ ኅዳር። ማለቴ የፈረንጆቹ ኖቬምበር 2018።

ወሩን ሄልሲንኪ ላይ ጀመረው። አገሩ ላይ፣ ወገኖቹ ፊት፣ ሀትሪክ። በ24ኛው ቀን ሴንት ሉዊስ ላይ 5 ጊዜ ወደ ጎል መታ፣ 5 ጊዜ አገባ። አንድ እንኳን አልተያዘበትም። በዚያ አንድ ወር 18 ጎል አስቆጠረ። እኔ ሥራ ቦታ ስለ እሱ ሳወራ ሰዎች መንገድ መቀየር ጀመሩ። «ዘንድሮ 60 ያገባል» ብዬ በምሳ ተወራረድኩ።

ዓመቱን በስንት ጨረሰው? በ30። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። ኖቬምበርን አውጥታችሁ፣ የቀሩት ወራት ሁሉ ተደምረው 12። ምሳውን ከፈልኩ።

ብሶቴ ይቺ ናት። መጥፎ ተጫዋች ያሳርፋችኋል። ምንም አትጠብቁበትም፣ ቢያገባ ምርቃት ነው። ጎበዝ ሆኖ የሚጠፋ ግን እንደ አዲስ አበባ መብራት ነው። ሄደ ብለህ ሻማ ስትለኩስ ይመጣል። መጣ ብለህ ሻማውን እፍ ስትል ይሄዳል። ጭራሽ ቢጠፋ እኮ ሰው ጄኔሬተር ይገዛል፣ ይገላገላል!

ሦስት ሳምንት ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው በረዶው ላይ ቆሞ ይውላል። ፓክ ሲያጣ ተከትሎ አይሮጥም። አሰልጣኙ ብዙ ወደማይጫወቱት ተርታ ያወርደዋል። ሬዲዮ ላይ ደውሎ የማይሰድበው የለም፤ አንዱ ቪዲዮ ጌም ነው የበላው ይላል፣ አንዱ ጢሙ ነው ይላል። እኔም ቴሌቪዥኑን እሰድባለሁ። ከዚያ ልነሳ ስል፣ አንድ እግሬ ሽንት ቤት በር ላይ ሲደርስ፣ ቷ! ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ጎል። ተመልሼ ቁጭ እላለሁ። ሌላ ሦስት ሳምንት። እንዲህ እያደረገ ነው የያዘኝ።

በ2020 መከር ላይ ወኪሉ «ቢለያዩ ለሁለቱም ወገን ሊሻል ይችላል» ዓይነት ነገር በአደባባይ ተናገረ። ሆዴን ባር ባር አለው፤ ግን ምንም አልሆነም፣ ሲዝኑ ተጀመረ። ጃንዋሪ 14፣ 2021፣ ከካልጋሪ ጋር። ኮሮና ነው፣ አዳራሹ ባዶ። እኔ ሶፋ ላይ ማሊያዬን ለብሼ። ሁለት አገባ፤ ሁለተኛዋ በጭማሪ ሰዓት፣ ያሸነፍንባት። ዘልዬ ስጮህ ልጄ ከእንቅልፉ ተነስቶ አለቀሰ። «ተመለሰ! ሰውየው ተመለሰ!» እላለሁ ባለቤቴን፣ እሷ ልጁን እያባበለች።

ከዚያች ጨዋታ በኋላ ጉዳት ነው ተባለ። በ9ኛው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ከፈት ሳደርግ ትሬድ ተደርጓል።

ኳስ ብቻ የምታዩ ሰዎች ይሄ አይገባችሁም። በእግር ኳስ ተጫዋች ሲሸጥ ይነጋገራል፣ ደመወዝ ይደራደራል፣ አልሄድም ማለት ይችላል። እዚህ ውሉ ላይ የሚከለክል አንቀጽ ከሌለው ማንም አይጠይቀውም። ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይሸክፋል፣ ውሉ አብሮት ይሄዳል። ገንዘብም እንደ ኳሱ አይፈስም፤ ሰው በሰው ነው። ላይኔን ከጃክ ሮስሎቪክ ጋር ጠቅልለው ለኮሎምበስ ሰጡ፤ ፒየር ሉክ ዱብዋን ከአንድ የሦስተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ ጋር ተቀበሉ። ዱብዋ ደግሞ ልልቀቅ ብሎ የጠየቀ ልጅ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በመጨረሻው ጨዋታው አሰልጣኙ 4 ደቂቃ እንኳን ሳያጫውተው አስቀምጦታል። ስለዚህ ምን ተደረገ? ሁለት ቡድኖች ራስ ምታታቸውን ተለዋወጡ።

ስንብት የለ፣ ጭብጨባ የለ። አዳራሹ ባዶ ነው እኮ! የመጨረሻ ጎሉን ያየለት ወንበር ብቻ ነው።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የታላቅ እህቴ ባል ይኖራሉ። እዚያ የኛ ሰው ብዙ ነው። ሆኪ ግን ጋሼ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። በንዴት ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ላይኔ ወደ እናንተ እየመጣ ነው፣ አደራ።»

«ማነው እሱ? የማን ልጅ ነው?»

«ፊንላንድ ነው አገሩ።»

«በፊንላንድ በኩል ነው የመጣው? ውይ፣ ስንቱን አይቶ ይሆን! ማረፊያ አለው? ወረቀቱስ?»

ሳቄ መጣ። በኋላ ላይ ስሰማ የጋሼ ጥያቄ ያን ያህል የዋህ አልነበረም፤ ልጁ የአሜሪካ ቪዛው እስኪያልቅ ድረስ በእርግጥ ጠብቋል።

ኮሎምበስ ገብቶ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ያው ዱብዋን ያስቀመጠው አሰልጣኝ እሱንም ወንበር ላይ አስቀመጠው። በ45 ጨዋታ 10 ጎል። «አላልኩም?» ብዬ ተደሰትኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በሚቀጥለው ዓመት በ56 ጨዋታ 56 ነጥብ (ጎሉና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) ሰበሰበ፤ ያኔ ደግሞ ተቃጠልኩ። ቢወድቅም ያመኛል፣ ቢነሳም ያመኛል። በ2022 በዓመት 8.7 ሚሊዮን ዶላር ለ4 ዓመት ፈረመ። ከዚያ ጉዳት በጉዳት ላይ።

እዚህ ላይ ግን ቀልዴን ላቁም። በኖቬምበር 2021 አባቱ ሞተዋል። በጃንዋሪ 2024 ጉዳት ላይ እያለ ወደ ተጫዋቾች መርጃ ፕሮግራም ገባ፣ ስለ አእምሮ ጤንነቱም ራሱ በግልጽ ተናገረ። ያን ቀን «ታክሲ የሚጠብቅ ይመስላል» እያልኩ ያሾፍኩባቸውን ምሽቶች አስታወስኩ። ሰውየው ምን ተሸክሞ እንደቆመ እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ በምን አውቃለሁ? አፈርኩ። ማሊያዋንም ያኔ ነው ከኩሽና ጨርቅ መሳቢያ አውጥቼ መልሼ የሰቀልኳት። አዎ፣ እዚያ አስገብቻት ነበር።

በኦገስት 2024 ደግሞ እንደገና ትሬድ። ሞንትሪያል። ኮሎምበስ በምትኩ ጆርዳን ሃሪስ የሚባል ተከላካይ ወሰደ፤ ላይኔ ላይ ደግሞ የ2026 ሁለተኛ ዙር ምርጫ ጨመረ። ልብ በሉልኝ፣ የሚሰጠው ወገን ነው የጨመረው! ውሰዱልን፣ ምርቃትም አለው፣ እንደማለት። አንድ ጊዜ ከኦቬችኪን ቀጥሎ የነበረ ልጅ።

ሞንትሪያል ገባ፣ ሲዝኑ ሳይጀመር በልምምድ ጨዋታ ጉልበቱን ተጎዳ። «በቃ» አልኩ። ዲሴምበር 3 ተመለሰ፣ በዚያው ማታ አገባ። በሁለት ሳምንቱ ከቡፋሎ ጋር ሲጫወቱ ሀትሪክ ሠራ። ሻማዬን እፍ አልኩ፣ ምን ላድርግ። በ52 ጨዋታ 20 ጎል ነው የጨረሰው፣ አብዛኞቹም ከዚያችው ከግራ ክብ፣ በፓወር ፕሌይ። ሌላው ጊዜ? ያው ታክሲ… አይ፣ ትቻለሁ ብያለሁ።

ይበልጥ የሚያበሽቀኝ ደግሞ የቡድናችን ነገር ነው። ዱብዋም ዊኒፔግን አልወደዳትም፤ በ2023 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሸኘ፣ በዓመቱ ከዚያም ተነስቶ ወደ ዋሽንግተን። ልጄ የዱብዋን ማሊያ ግዛልኝ ብሎ ሲያለቅስ አለመግዛቴ እስካሁን ካደረግኋቸው ጥቂት ብልህ ነገሮች አንዱ ነው። በሱ ምትክ ግን ከሎስ አንጀለስ ቪላርዲን አገኘን፣ ያፋሎን አገኘን፣ ኩፓሪን አገኘን። በ2024/25 ጄትስ በ116 ነጥብ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ወጣ። ከላይኔ ጋር በአንድ ዘመን ያደገው ካይል ኮነር 41 አገባ፤ ይሄ ልጅ ያለ ጩኸት በየዓመቱ ያገባል፣ መብራቱ አይጠፋም፣ የሱ ማሊያ ግን የለኝም። ስለዚህ ሒሳቡ ልክ ነበር። የሸጡት ሰዎች ልክ ነበሩ። ምሳ ያስከፈለኝም ባልደረባዬ ልክ ነበር። ሁሉም ልክ ሆኖ እኔ ብቻ ነኝ 29 ቁጥር የታቀፍኩት።

ስሙን ፈትተው የኮነርን እንዲሰፉልኝ አንድ ሱቅ ጠይቄ ነበር። ልጁ ገልብጦ አየና «ክሩ ሲፈታ ምልክቱ ይቀራል፣ ከሥር ላይኔ የሚለው ይነበባል» አለኝ። አዲስ ብገዛ እንደሚሻል መከረኝ። ይሻላል አይደል? አመስግኜ ወጣሁ።

ቅዳሜ ማታ ጋሼ ደወሉ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ። ሊዘጉ ሲሉ «ያ እንግዳህስ፣ የፊንላንዱ?» አሉኝ።

«ሞንትሪያል ገባ እኮ ጋሼ።»

«እሰይ። እዚያ ዘመድ አለው?»

ማሊያዋ ከፌስታሉ ወጥታለች። ከሱፌ ኋላ ሰቅያታለሁ፣ ባለቤቴ እንዳታያት።